በሰሜን ሸዋ ደጋ የበጋውን ነፋስ አይቶ እህል የማዝራት አሠራር

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአንጎለላ እስከ መንዝ ባለው ሜዳና ጉብታ ላይ፣ የዓመቱ ድካም እህል ሆኖ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በአውድማ ላይ ነው። እህሉ ታጭዶ፣ ተከምሮና በበሬ ተበራይቶ ካበቃ በኋላ የሚቀረውን ሥራ፣ ማለትም ማዝራቱን (ፍሬውን ከእብቁ በነፋስ መለየቱን)፣ የሚወስነው የሰው ጉልበት ሳይሆን ነፋስ ነው። ነፋሱ ከተመቸ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ምርት፣ ነፋሱ እንቢ ሲል ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ይሰነብታል፤ ወፍ ይለቅመዋል፣ ያልታሰበ ዝናብ ያሰጋዋል፣ ጠባቂውም በውርጭ ሌሊት አውድማ ሥር ኩርምት ብሎ ያድራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው መውቂያ መኪና ለማይደርሳቸው ወይም ማሳቸው ትንሽ በመሆኑ በመንሽ (ባለ ጣት የገለባ ማንሻ) እና በላይዳ (የእንጨት አካፋ) ለሚሠሩ ሰዎች፣ በተለይም አውድማን ከአባቶቻቸው ጎን ቆመው ለመማር ዕድል ላላገኙ ወጣቶች ነው።

ብዙ ሰው ነፋስ ሲጠብቅ ብርቱውን ይጠብቃል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። በሥራው ላይ እየቆየሁ ስሄድ የተረዳሁት ግን ለማዝራት የሚበጀው መጠነኛ ሆኖ አቅጣጫውን የማይቀያይር ነፋስ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እንዲህ ያለውን ነፋስ ለይቶ ለማወቅ፣ ለመጠበቅና በነፈሰባት ሰዓት ለመጠቀም የተዘጋጁ ናቸው።

አንደኛ፦ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

በክረምት በአካባቢያችን የሚያመዝነው ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ነገሩ ይገለበጣል፤ በበጋ የሚያመዝነው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብ ምድር አቅጣጫ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ነው። ስለዚህ በበጋ አውድማ የሚያዘጋጅ ሰው ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል ብሎ ቢነሣ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ይሁን እንጂ የመሬቱ አቀማመጥ ይህን አጠቃላይ ነፋስ ይለውጠዋል። ከጣርማበር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት አለ። ቀን ፀሐይ የገደሉን ግድግዳ ስታሞቀው በግድግዳው ላይ ያለው አየር ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ደጋው ሲቀዘቅዝ ከባዱ አየር ተመልሶ ወደ ቆላው ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ማታ ከየብስ ወደ ባሕር ነፋስ የሚነፍሰው በዚሁ በሙቀት ልዩነት ነው፤ የእኛ ባሕር ቆላው ነው ማለት ይቻላል። በምሥራቁ ገደል አፋፍ፣ በደብረ ሲና በላይና በአንኮበር ጠርዝ፣ ይህ ቀን ቀን የሚወጣው ነፋስ ከምሥራቁ የበጋ ነፋስ ጋር ስለሚገጥም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ አቅጣጫውም ይጸናል። በምዕራብ በኩል፣ በጀማ ሸለቆና በገባሮቹ አፋፍ ላይ ግን ቀን ከሸለቆው የሚወጣው ነፋስ ከምሥራቁ ነፋስ ጋር ፊት ለፊት ሊጋጭ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ሲያሸንፍ አንዱ ሲሸነፍ ነፋሱ ይወላውላል። አውድማው እንዲህ ባለ አፋፍ ላይ ከሆነ ከጠርዙ ራቅ ወዳለ ሜዳ ማውጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፦ የአውድማውን ቦታ ነፋስ አይተው ይምረጡ

አውድማ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለክምሩ ቅርብ ስለሆነ ወይም ከአባት የተወረሰ ቦታ ስለሆነ ነው። ሁለቱም በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ ነገር ግን ከነፋሱ በኩል ያለውን ሁሉ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዛፍ፣ ቤት ወይም ትልቅ ክምር ነፋስን ከመጋረዱ በላይ ያውከዋል። ከጋራጁ ኋላ ነፋሱ ይደክማል፣ ይሽከረከራል፣ አንዳንዴም ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ይህ መታወክ የጋራጁን ቁመት ቢያንስ 10 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ይሰማል። ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ አጥር ከአውድማው በስተምሥራቅ ካለ አውድማው ከአጥሩ ቢያንስ 120 ሜትር፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይገባዋል ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ በአንድ ዓመት ከባሕር ዛፍ ጥግ፣ ከብርድ ይጋርደናል ብዬ፣ ገብስ አዘራሁ። ነፋሱ እብቁን አንሥቶ ከወሰደው በኋላ ዞሮ በጸዳው ምርት ላይ መልሶ ይበትነው ነበር፤ ያንን ምርት ሁለት ጊዜ ደግሜ አዝርቼዋለሁ፣ ከእኔ ጋር ለወንፈል የመጡትንም ሰዎች ጉልበት በከንቱ አባክኛለሁ። እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ የሚያሳዝነኝ የእነርሱ ድካም ነው።

ክምሩም ራሱ ጋራጅ ነው። ክምሩን ከአውድማው በስተምሥራቅ ከማቆም ይልቅ በሰሜን ወይም በደቡብ ጎን ማቆም ነፋሱን ክፍት ያደርጋል። ዝቅ ያለ፣ ጎድጓዳ ቦታ በሁለት ምክንያት አይሆንም፤ አንደኛ ነፋሱ በላዩ ያልፋል፣ ሁለተኛ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት እየወረደ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ውርጩና ጤዛው ይበረታበታል። ለስለስ ያለ ጉብታ፣ ወለሉ ግን ደልዳላ የሆነ ቦታ ተመራጭ ነው። ወለሉን ማጽዳት፣ መደልደልና በእበት መለቅለቅ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አላራዝምም፤ ልቅልቁ በደንብ ሳይደርቅ ማበራየት ግን እህሉን በአፈር ያበላሻል።

ሦስተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

በበጋ ወራት በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ሜዳውም ጠዋት ነጭ ሆኖ ያድራል። እንዲህ ባለ ጠዋት ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ እንደ ክዳን ተኝቶ ከላይ ያለውን ነፋስ ወደ ታች አያሳልፍም። ከላይ ደመና ሲሄድ እየታየ አውድማው ላይ ቅጠል የማይነቃነቀው ለዚህ ነው። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ይህን ክዳን የምትገልጠው አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ነፋሱ ከዚያ በኋላ እየጨመረ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ይወድቃል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ውርጭ ባደረበት ቀን ጠዋቱን ለማበራየትም ለማዝራትም አይጣደፉ፤ ጤዛ የነካው ነዶ ከፍሬው አይላቀቅም፣ እርጥብ እብቅም ከብዶ ከፍሬው ጋር ይወድቃል። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነዶውን በአውድማው ላይ በትነው ያድርቁ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያበራዩ፣ ገለባውን በመንሽ አንሥተው ወደ ጎን ያውጡ፣ ከዚያም ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ያለውን ነፋስ ለማዝራት ያውሉት። በበሬ የሚያበራይ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ላያደርስ ይችላል፤ ቢሆንም ተበራይቶ ያልተዘራ እህል ማሳደር ካለበት ተሰብስቦ፣ በገለባና በሸራ ተሸፍኖ እንጂ ተበትኖ ሊያድር አይገባም።

ውርጭ የሌለበት፣ ሌሊቱን ነፋስ ሲነፍስ ያደረ ቀን ከሆነ ነፋሱ ቀድሞ ይገኛል፤ በማለዳ መጀመር ይቻላል። በገደሉ አፋፍ ላሉት ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። የምሥራቁ ነፋስ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል እርጥበት ይዞ ሲመጣ፣ አየሩ ግድግዳውን እየወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። በጣርማበር መተላለፊያና በወፍ ዋሻ ደን ላይ በበጋ መካከል ጉም የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው። ጉሙ ጠርዙን አልፎ ወደ ሜዳው ሲንከባለል ካዩ ነፋሱ ቢኖርም እንኳ እህሉ እርጥበት ይስባልና የተበራየውን ይሸፍኑ፤ ከጠርዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ገባ ያለ ጎረቤት በዚያው ሰዓት በፀሐይ ሊያዘራ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸው የአሥር ቀን ትንበያዎች በተለይ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ለማወቅ ይጠቅማሉ፤ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጠየቅ ይገባል። በስልክ ላይ የሚታየው የነፋስ ፍጥነት ደግሞ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነው። በሰው ቁመት ልክ፣ በ2 ሜትር ላይ፣ በገላጣ ሜዳ የሚገኘው ከዚያ ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ስልኩ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ካለ፣ በመንሽዎ ቁመት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ይጠብቁ።

አራተኛ፦ የነፋሱን ኃይል በዓይን ይለኩ

መሣሪያ አያስፈልግም። የነፋስን ኃይል በዓይን ለመመደብ ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት ለመርከበኞች ያዘጋጀው ነው። መርከበኛው ማዕበሉን አይቶ፣ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት መጀመሩንና መብዛቱን ተመልክቶ ደረጃውን ይናገራል። በየብስ ላይ ደግሞ ቅጠል፣ ጭስና አቧራ ያንኑ ይመሰክራሉ፤ ለአውድማ የሚያስፈልጉት ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች አራቱ ብቻ ናቸው።

ነፋሱ ፊት ላይ ከተሰማና ቅጠል ከተንሿሿ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1.6 እስከ 3.3 ሜትር ይሆናል። ይህ ለጤፍ ጥሩ ነው። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ያለ ማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ነጠላም ከተዘረጋ፣ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ በሰከንድ ከ3.4 እስከ 5.4 ሜትር ይነፍሳል። የገብስና የስንዴ ነፋስ ይህ ነው፤ በባሕር ላይ ቢሆን አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ የሚታይበት ደረጃ ነበር። አቧራና ወረቀት መነሣት ሲጀምር አራተኛ ደረጃ፣ እስከ 7.9 ሜትር ደርሷል፤ ባቄላና አተር ይቋቋሙታል፣ ገብስና ስንዴ ግን ዝቅ ተደርገው ካልተወረወሩ ቀጫጫው ፍሬ ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ትንንሽ ዛፎች ሲወዛወዙ አምስተኛው ነው፤ ላይዳውን ያስቀምጡ።

ለምን በእህሉ ዓይነት እንደሚለያይ ማወቅ ይጠቅማል። የስንዴ ፍሬ ከጤፍ ፍሬ ከመቶ እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስንዴ በሚያጸዳ ነፋስ ጤፍ ያዘራ ሰው፣ ለምሳሌ ከምንጃር ቆላማ ማሳ ጤፍ የሰበሰበ፣ ምርቱን ለገለባው ያካፍላል። ሌላም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ባለችበት በ2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከ70 እስከ 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሳሳ አየር በዚያው ፍጥነት ሲነፍስ የሚገፋው በአነሰ ኃይል ስለሆነ፣ የመንዝ ሰው ከምንጃር ሰው ይልቅ ትንሽ የፈጠነ ነፋስ ቢጠብቅ ትክክል ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ አንድ እፍኝ እብቅ ከራስ በላይ አንሥተው ቀስ ብለው ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ እየለቀቁ እብቁ የወደቀበትን ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቶቹ በአንድ ወገን ጠባብ ሆነው ከተሰበሰቡ ነፋሱ ጸንቷል፣ በግማሽ ክብ ከተበታተኑ ግን ገና አልረጋምና ይጠብቁ። ከሁሉም ደረጃዎች ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምለምነው ይህ እንዳይዘለል ነው።

አምስተኛ፦ ማዝራት

የተበራየውን እህል ከነእብቁ ሰብስበው ረዘም ባለ ጉብታ መልክ ይከምሩት። ጉብታው ነፋሱን አቋርጦ መተኛት አለበት፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ጉብታው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ። በነፋሱ አቅጣጫ ከተዘረጋ ከላይኛው ጫፍ የተነሣው እብቅ በታችኛው ጫፍ ላይ ይወድቃልና ሥራው አያልቅም። አዝሪው ከጉብታው በነፋሱ በኩል፣ ነፋሱን በጀርባውና በትከሻው መካከል ተቀብሎ ይቆማል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከሆኑ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ከሌላው ኋላ መቆም የለበትም።

መጀመሪያ በመንሽ ነው። መንሹ ረጅሙን ገለባ ያነሣል፣ ፍሬው በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ገለባው ካለቀና እብቅና ፍሬ ብቻ ሲቀር ላይዳ ይያዛል። በላይዳ ሲወረውሩ እህሉን እንደ እንክብል አያንሡት፤ መጨረሻ ላይ እጅን ዘንበል አድርገው እንደ ስስ መጋረጃ ይዘርጉት። እንደ እንክብል የተነሣ እህል ውስጡን ነፋስ ሳያየው ይወድቃል፤ መጋረጃ የሆነው ግን እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ነፋስ ያገኘዋል። ከ2 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ የስንዴ ፍሬ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ እብቁ ግን ስለሚዘገይ በዚያ ጊዜ ውስጥ በርካታ ሜትር ተገፍቶ ይሄዳል። መለያየቱን የሚሠራው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። ስለዚህ ነፋሱ ሲደክም ከፍ አድርገው፣ ሲበረታ ዝቅ አድርገው ይወርውሩ። የውርወራ ቁመት በአዝሪው እጅ ያለ ልጓም ነው።

ጥቂት ከወረወሩ በኋላ ቆም ብለው መሬቱን ይመልከቱ። ከባዱ ፍሬ በቅርብ፣ ቀጫጫውና ያልተፈለቀቀው ግርድ ቀጥሎ፣ እብቁ በሩቅ ተደርድሮ ያገኙታል። በፍሬውና በግርዱ መካከል ያለውን መስመር በመጥረጊያ እየጠረጉ ግልጽ ያድርጉት፤ ግርዱን ለብቻ ሰብስበው በመጨረሻ እንደገና ያበራዩትና ያዝሩት። ለዘር የሚቀመጠው እህል በነፋሱ በኩል በጣም ቅርብ ከወደቀው፣ ከከባዱ ፍሬ ይነሣ፤ ነፋሱ ራሱ መርጦ የሰጠው ነውና ከጠቅላላው ክምር እፍኝ ከመዝገን ይሻላል።

ከእብቁ ክምር ውስጥ በየጊዜው አንድ እፍኝ እያነሡ በመዳፍ ያሹ። ጥሩ ፍሬ ካገኙበት ነፋሱ በርትቷል ወይም ውርወራው ከፍ ብሏል። ይህን ፍተሻ ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ልጆችን አውድማ ላይ ማስተማር የሚጀመረውም በዚህ ቢሆን መልካም ነው።

ስድስተኛ፦ መቼ እንደሚቆም ይወቁ

እኩለ ቀን አካባቢ፣ ፀሐዩ በርትቶ ነፋሱ ሲደክም፣ በሜዳው ላይ አቧራ የሚያዞር አዙሪት ይነሣል። አዙሪት ወደ አውድማው ሲመጣ ካዩ ውርወራውን አቁመው በጸዳው ምርት ላይ ሸራ ይጣሉ፤ የሚያልፈው በአጭር ጊዜ ነው። ነፋሱ አቅጣጫውን ከለወጠ ደግሞ ጉብታውን ባለበት እያዘሩ ራስዎን ብቻ አያዙሩ፤ የጸዳውን ምርት መጀመሪያ ከአውድማው ያውጡ ወይም ይሸፍኑ፣ ከዚያ ያልተዘራውን በአዲሱ ነፋስ ልክ እንደገና ይከምሩ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ሳያዞሩ ቢቀጥሉ የሚጠፋው ግን ከዚያ ይበልጣል።

ነፋስ ባለበት ቀን በአውድማው አጠገብ እሳት አይነድም። ቡና የሚፈላ ከሆነ ከአውድማው በስተምዕራብ፣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ከገለባውም ርቆ ይፈላ፤ ሲጋራ የሚያጨስም ሰው ወደዚያው ይሂድ። የገብስ እብቅ ዓይንና ጉሮሮ ይጎዳል፤ አፍንጫና አፍን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ይገባል፣ አስም ያለበት ሰው ከነፋሱ በታች በኩል መቆም የለበትም።

የጸዳው እህል ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በጥርስ ይፈተሻል፤ ጠጥሮ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ለስለስ ብሎ ከተጎረደ ግን ገና ነው። ለስንዴና ለገብስ ከ12 እስከ 13 በመቶ የሆነ እርጥበት ለማስቀመጥ ተስማሚ ነው። ያልደረቀውን በማግስቱ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ስስ አድርገው በሸራ ላይ ያስጡት፣ ነፋሱ ሳይወድቅና ጤዛው ሳይመጣ፣ ከ11 ሰዓት በፊት፣ ሰብስበው ያስገቡት።